ያለ ኤስኤቲ ውጤት ለአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከት

ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ስለሚወሰደው ፈተና «ኤስኤቲ ቀርቷል» የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች በዚህ ጉዳይ በሦስት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ውጤት ቢላክላቸውም ለቅበላ አያዩትም፤ በርክሌይንና ዩሲኤልኤን ጨምሮ ዘጠኙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ከ2021 ጀምሮ እንደዚህ ናቸው፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎችም በ2022 ተከትለዋቸዋል። ሌሎቹ ምርጫውን ለአመልካቹ ይተዋሉ። ቦውዶይን ኮሌጅ ይህን የጀመረው በ1969 ነው፤ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2023 ቋሚ እንደሚያደርገው አስታውቋል። የቀሩት የግድ ይላሉ። በኮቪድ ጊዜ ትተውት ከነበሩት ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ በ2024 እንደሚመልሱት ተናግረዋል። ዬል በኤስኤቲ ወይም ተመሳሳዩ በሆነው በኤሲቲ ፋንታ የኤፒ ወይም የአይቢ ውጤት (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጡ የላቁ ትምህርቶች ፈተና) ይቀበላል፤ ከአራቱ አንዱ ግን መኖር አለበት።

ስለዚህ በቴሌግራም የሚዞረውን «ኤስኤቲ የማይጠይቁ 50 ዩኒቨርሲቲዎች» ዝርዝር እንደ መነሻ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዙት። የየኮሌጁን የአድሚሽን ገጽ ክፈቱና ሕጉ ለየትኛው የመግቢያ ዓመት እንደተጻፈ እዩ። በኦገስት 2027 ትምህርት ለመጀመር የሚያመለክት ሰው ፎርሙን የሚሞላው በ2026 መጨረሻ ነው፤ የሚመለከተው ግን የ2027 ገቢዎች ሕግ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለ ውጭ አገር አመልካቾች የተጻፈውን አንብቡ። በቤት ውስጥ ለተማረ ልጅ ወይም ለአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ ፈተናውን የሚጠይቁ አሉ፤ የሚጽፉትም ገጹ ሥር ላይ ነው።

ቀረ የተባለው ኤስኤቲና ኤሲቲ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ ማለትም ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ፣ ከተጠየቀ አሁንም ይጠየቃል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ ከዚህ ነጻ የሚያደርጉ ኮሌጆች አሉ፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን በደብዳቤ ሲያረጋግጥና ኮሌጁ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው እንጂ በግምት አይሆንም። ማትሪክም አልቀረም፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የትምህርት ማስረጃው አካል ነው። ኮመን አፕ ላይ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ) የፈተና ክፍሉን ስትከፍቱ በአገራችሁ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ብሔራዊ ፈተና መኖሩን ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎ» ነው። ገና 12ኛ ክፍል ላይ ሆኖ የሚያመለክት ማትሪኩን የሚወስደው ካመለከተ በኋላ ስለሆነ «ወደፊት የሚወሰድ» ብሎ ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። በማትሪክ ውጤት ወረቀት ላይ «ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ» የሚል ትምህርት አለ፤ በአጭሩ ሲጻፍ ፊደሉ ከአሜሪካው ኤስኤቲ ጋር አንድ ነው። ያንን ከ100 የተሰጠ ነጥብ ከ1600 በሚታረመው ኤስኤቲ ቦታ መሙላት ትልቅ ስህተት ነው፤ ማመልከቻውን የሚያነበው የኮሌጁ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይጠረጥራል።

ፈተናውን ወስዳችሁ ውጤቱ በእጃችሁ ካለ መላክ አለመላክን በስሜት አትወስኑ። የኮሌጁን ስም ከ«ኮመን ዳታ ሴት» ጋር (ኮሌጆች ስለ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ የሚያወጡት የመረጃ ሰነድ ነው) አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ሲ9 የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ከገቡት ተማሪዎች ስንት በመቶው ውጤት እንደላኩ፣ 25ኛውና 75ኛው ፐርሰንታይል (ከላኪዎቹ ሩቡ ከሥሩ፣ ሩቡ ከበላዩ የሆነበት ነጥብ) ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ላኪዎቹ 30 በመቶ ብቻ ከሆኑ ቁጥሩ የተጋነነ ነው፤ ዝቅተኛ ያመጡት ስላልላኩ ማለት ነው። ከመካከለኛው በላይ ከሆናችሁ ላኩ፤ ከ25ኛው በታች ከሆነ በአብዛኛው መተው ይሻላል። መሃል ላይ ሲሆን ከየት እንደመጣችሁ ይወስናል። ዳርትማውዝ በ2024 ፈተናውን ሲመልስ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ተማሪዎች ሊጠቅማቸው የሚችለውን ውጤት እየደበቁ መሆናቸው ነው። በትምህርት ቤታችሁ ማንም ያላመጣውን ቁጥር ያመጣ ተማሪ የኒው ዮርክ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ከሚያመጣው አነሰ ብሎ ሊያፍር አይገባም። እዚያው ሲ7 ላይ ደግሞ ኮሌጁ ለትራንስክሪፕት (የየክፍሉ ውጤት ማስረጃ)፣ ለጽሑፍና ለድጋፍ ደብዳቤ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ይታያል፤ ከማንኛውም አማካሪ ነን ባይ ምክር የተሻለ ነው።

«አልልክም» ካላችሁ በየኮሌጁ ፎርም ውስጥ ያለውን ጥያቄ ለየብቻ «አይ» በሉ፤ አንድ ቦታ መመለስ ለሁሉም አይሠራም። ውጤቱም በሌላ በር እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ኤስኤቲ ሲመዘገቡ በነጻ ለአራት ኮሌጆች መላክ ይቻላል፤ በዚያ ዕድል የተጠቀመ ሰው ውጤቱን ሳያየው ልኳል ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) የሚልከውን ትራንስክሪፕት አስቀድማችሁ እዩ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት የፈተና ነጥብን ትራንስክሪፕቱ ላይ ያትማል፣ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል።

ኤስኤቲ ሲቀር ክብደቱ ትራንስክሪፕቱ ላይና ትራንስክሪፕቱን በሚያብራራው ወረቀት ላይ ያርፋል። ከኢትዮጵያ የሚላክ ማመልከቻ የሚዳከመውም እዚህ ነው። ካርዱ ላይ 87 አማካይ ይታያል። አሜሪካዊው አንባቢ 87ን «ቢ ፕላስ» ብሎ ያልፈዋል፤ 87 ይዞ ከ64 ተማሪ 1ኛ መውጣቱን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ላይ ደረጃና የተማሪ ብዛት ይጻፍ፤ 87ን ራሳችሁ ወደ ጂፒኤ (ከ4 ወደሚሰላው የአሜሪካ አማካይ ውጤት) አትለውጡት፣ መመዘኛው ከ100 መሆኑን ብቻ ምረጡ።

ዘመኑም ያሳስታል። «2016» ብቻ የተጻፈበት ካርድ ለእነርሱ ተማሪው ከብዙ ዓመት በፊት ጨርሶ ቤቱ ተቀምጧል ማለት ነው። መዝገብ ቤቱ በእንግሊዝኛ ሲያወጣላችሁ «2016 ዓ.ም. (2023/24)» ብሎ ሁለቱንም ይጻፍ፤ የልደት ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ስም ፓስፖርት ላይ ባለው አጻጻፍ፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ፣ በፎርሙም በትራንስክሪፕቱም በቶፍሉም አንድ መሆን አለበት። አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ከተጻፈ ሰነዶቹ አይገናኙም።

ከሁሉ የሚረሳው የትምህርት ቤቱ መግለጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካውንስለሩ የሚልከው አንድ ገጽ ወረቀት ሲሆን፣ በእኛ አገር አብዛኛው ትምህርት ቤት የለውም፤ ርዕሰ መምህሩም ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ረቂቁን እናንተ በእንግሊዝኛ አዘጋጁና እርሳቸው መርምረው፣ አስተካክለው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው ይላኩት። የተማሪ ብዛት፣ በአንድ ክፍል ስንት እንደሚቀመጥ፣ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍፍሉ፣ ኤፒም አይቢም አለመኖሩ፣ ማለፊያው ስንት እንደሆነና ከ90 በላይ የሚያመጣው ስንት ተማሪ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ማትሪክ ላይ ከ600 ግማሹን ያለፉት ስንት እንደሆኑ ይግባበት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ላይ በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ 410 ነጥብ ሲያይ ምንም አይሰማውም።

ኮመን አፕ ላይ «ካውንስለር» የሚለውን ቦታ ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትላቸው ይሙሉት። ኢሜላቸውን ጽፋችሁ ስትልኩ ሊንኩ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል፤ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ ፈልጉት፣ ደብዳቤው ግን የእርሳቸው ይሁን። በተማሪው ስልክ በተከፈተ ኢሜል የተላከ «የመምህር» ደብዳቤ ከታወቀ ማመልከቻው አበቃለት።

ዋናው ጽሑፍ ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። የተሳትፎ ዝርዝሩ 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል ብቻ ይፈቀዳል፤ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። «ቤተሰቤን እረዳለሁ» ከምትሉ «በሳምንት 18 ሰዓት የቤተሰቤን ሱቅ እጠብቃለሁ፤ የ40 ደንበኞችን ዱቤ እመዘግባለሁ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። የቤተሰብ ኃላፊነት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ ፎርሙ ላይ አለ። መብራት በመጥፋቱ ወይም ትምህርት ቤት በመዘጋቱ የወረደ ውጤት ካለ፣ በ250 ቃል ስለገጠማችሁ ችግር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ወራቱን ቆጥራችሁ አስቀምጡ።

ገንዘቡን አትርሱ። ካሊፎርኒያ ኤስኤቲ አይጠይቅም ብሎ የሚሮጥ ሰው፣ እነዚያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር ለሚመጣ ተማሪ በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ድጎማ በተለምዶ እንደማይሰጡ ልብ ይበል። ቦውዶይን ግን ውጤት አያስገድድም፣ የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበልም የመክፈል አቅሙን አይመለከትም። ለመግባት ኤስኤቲ የማያስገድድ ኮሌጅም ለአንዳንድ ስኮላርሺፕ ሊጠይቀው ይችላል፤ የስኮላርሺፑን ገጽ ለየብቻ አንብቡ። የማመልከቻ ክፍያ ካቃታችሁ ከመላካችሁ በፊት ምሕረት እንዲያደርጉላችሁ ለኮሌጁ ጻፉ።

የማመልከቻ ጊዜው ቀድሞ የሚዘጋው በአብዛኛው ኖቬምበር 1፣ መደበኛው ጃንዋሪ 1 አካባቢ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ፎርም አለው፤ ከስምንት ጥያቄ አራቱ እያንዳንዳቸው እስከ 350 ቃል ይመለሳሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤም በመደበኛነት አይጠይቅም። ከላካችሁ በኋላ ኮሌጁ የፖርታል (ማመልከቻችሁን የምትከታተሉበት ገጽ) መግቢያ ይልካል። እዚያ ያለው ዝርዝር ላይ «ኤስኤቲ፦ በመጠበቅ ላይ» የሚል ከታየ ፎርሙ ላይ «እልካለሁ» ብላችኋል ማለት ነው፤ ማመልከቻው ሳይታይ በፊት ያለ ውጤት እንዲታይላችሁ በኢሜል ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡ፣ በሳምንቱም ፖርታሉን ደግማችሁ ክፈቱ።