ዋሽንግተን ልጅ ጥየቃ ለሚሄድ፦ ነፃው የሥዕል ሙዚየም ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከደሴም ከኮምቦልቻም አሜሪካ ልጅ ያለው ሰው ብዙ ነው። ቪዛው የተሳካላቸው እናትና አባት ጥቂት ወር ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ከርመው ይመለሳሉ፣ ከዚያ ፒያሳ ቡና እየተጠጣ ስልክ ወጥቶ ፎቶ ይታያል። ዋይት ሃውስ ከአጥሩ ውጭ፣ ሊንከን ሐውልት ሥር፣ ኮስትኮ ውስጥ ጋሪ እየገፉ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የሚባለው ትልቁ የሥዕል ሙዚየም ግን ፎቶዎቹ ውስጥ እምብዛም የለም። የገቡትም ቢሆኑ «ሥዕል ብቻ ነው፣ እግራችን አለቀ» ብለው ያልፉታል። እኔ እህቴ ጋ በከረምኩበት ጊዜ ሙዚየሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሥዕሉ ምንም አልጎደለውም። አገባባችን ነው የሚያደክመን።

«ነፃ ከሆነማ ምን ሊረባ?»

ይሄ ዋናው ነው። ያልተከፈለበት ነገር ርካሽ ይመስለናል። ሙዚየሙን ያስጀመረው አንድሩ ሜለን የሚባል ባለባንክ ነው፣ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትርም ነበር። የራሱን ሥዕሎች ለሕዝብ ሰጠ፣ የሕንፃውንም ወጪ ቻለ፣ በ1941 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ሲከፈት ግን እሱ በሕይወት አልነበረም። ዛሬ እዚያ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል አለ። በሰሜንም በደቡብም አሜሪካ ለሕዝብ የሚታይ የሱ የቀለም ሥዕል ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ለመግባት ቦርሳ ማስፈተሽ ብቻ ነው፣ ትኬት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የመግቢያ ትኬት ልሽጥላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት። አስጎብኚም ሙዚየሙ ራሱ በነፃ ያቀርባል።

ደግሞ ነፃ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። ከፍዬበታለሁና ሁሉን ልየው ብሎ መሮጥ የለም። አንድ ሰዓት አይቶ መውጣት፣ ምሳ በልቶ መመለስ፣ ከፈለጉም በሳምንቱ እንደገና መምጣት ይቻላል። እኛ ግን ይሄን ትተን፣ የመጨረሻ ቀናችን ይመስል እንጣደፋለን።

ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ

አይጨረስም። ሕንፃው ሁለት ነው፤ ምዕራቡ የድሮ ሥዕል ያለበት፣ ምሥራቁ በ1978 የተከፈተው የዘመናዊው። ሁለቱን የሚያገናኝ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አለ፣ ወለሉ ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል፣ ዙሪያው በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ መብራቶች ይብለጨለጫል። የልጅ ልጆች ከሥዕሉ ሁሉ እሱን ይወዱታል። ተዉአቸው፣ ይመላለሱበት።

የጦሳን ተራራ የወጣ እግር ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ዳገት ሌላ ነው፣ ድንጋይ ወለል ላይ ቆም እያሉ መሄድ ሌላ። አዲሱ የበዓል ጫማ ቤት ይቅር። ለሸመገለ ሰው ዊልቸር መግቢያው ላይ በነፃ ይሰጣል። «እኔን ነው በጋሪ የምትገፉኝ?» ብለው የሚቆጡ አባት ካሏችሁም አብሽሩ፣ ክፍሎቹ ውስጥ ማረፊያ አለ። በአሜሪካ በጋ ውጭው ቢያቃጥልም ውስጡ ቀዝቃዛ ነውና ነጠላ ወይም ሹራብ ያዙ።

ለአንድ ቀን ሦስት አራት ሥዕል ምረጡና ሌላውን እያያችሁ እለፉ። የመረጣችሁት መሰቀሉን ቀድማችሁ ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፣ ሥዕል አንዳንዴ በውሰት ሌላ ከተማ ይሄዳል።

ፊቷን ብቻ አይቶ መሄድ

የሊዮናርዶዋ ሴት ጂኔቭራ ደ ቤንቺ ትባላለች። በወጣትነቱ የሣላት ናት፣ ከ500 ዓመት በላይ ሆኗታል። ትንሽ ናት፣ ቁመቷም ወርዷም 40 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ያነሳል፣ ይሄዳል። ሥዕሏ ግን ግድግዳ ላይ አልተሰቀለችም፣ ክፍሉ መሃል መስታወት ውስጥ ነው የቆመችው፣ ምክንያቱም ጀርባዋም ተሥሏል። ዞር በሉና እዩት። መሃል ላይ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ግራና ቀኙ ዘንባባና የሎሬል ቅጠል፣ የተጠማዘዘ ጥቅልል ላይ ደግሞ በላቲን «ውበት የበጎነት ጌጥ ነው» የሚል ጽሑፍ። ተመልሳችሁ ፊቷን ስታዩት፣ ከራሷ በስተኋላ ያለው ጥቁር ቁጥቋጦ ያው ጥድ መሆኑ ይገባችኋል። እጇ የት ሄደ የሚል ይኖራል፤ ሥዕሉ ከታች በኩል በሆነ ዘመን ተቆርጧል።

ለመሳለም መጠጋት

እናቶቻችንን ስትወስዱ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እዚያ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጣች፣ በወርቅ መደብ ላይ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እመቤታችን አለች። እናት ስታያት ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ጠጋ ትላለች፣ ጎንበስ ልትል ስትል ጠባቂው ከወዲያ ጥግ «ማዳም!» ይላል። እናትም ትደነግጣለች፣ ቀኑ ይበላሻል። ከርቀት እጅ ቢነሱ የሚከለክል የለም። መንካት ግን የለም፣ በጣት ለማሳየት እንኳ እጅ ወደ ሥዕሉ አይሰደድም፣ የእጅ ላብና ቅባት ቀለም ይጎዳል።

እዚያው የራፋኤል ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። መጠኑ ከአንድ ኤ ፎር ወረቀት አይበልጥም፣ ስለዚህ ሰው ትልልቁን እያየ ያልፈዋል። ሜለን በ1931 ከሶቪየት መንግሥት ነው የገዛው፣ ሩሲያ ኤርሚታዥ ሙዚየም የነበረ ነው። ነጩ ፈረስ አለ፣ ጦሩ አለ፣ ደራጎኑም አለ። ልጅቷን ግን እንደኛ ሥዕል ዛፍ ላይ አትፈልጓት። መሬት ላይ ተንበርክካ እየጸለየች ነው። እናታችሁን «ልዩነቱን ፈልጊ» ብትሏት፣ ከማንም ፈረንጅ አስጎብኚ የተሻለ ታብራራላችኋለች። የፈረሱን የደረት ጠፍርም ልብ በሉ፣ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ወላጆቻችሁ ሙስሊም ከሆኑና የቅዱሳኑ ክፍል የማይመቻቸው ከሆነ ደግሞ ወደ መልክዓ ምድሩ ውሰዷቸው። የቫን ጎግ የ1890 አረንጓዴ የስንዴ ማሳ አለ፤ ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፣ በነፋስ የሚተኛ ስንዴና ሰማይ ብቻ። ገበሬ የነበሩ አባት እዚያ ፊት ቆመው ስለ አዝመራው ቢያወሩ አትቸኩሉባቸው። እርቃን ሐውልትም እንዳለ ቀድሞ መናገር ነው፣ ያልተነገረው ሰው ይሸማቀቃል።

ሥዕሉን በስልክ መጨረስ

ለግል ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ያለ ፍላሽና ያለ ሰልፊ ዱላ። ግን ምን አደከማችሁ? የሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የድሮ ሥዕሎች በከፍተኛ ጥራት በነፃ ይወርዳሉ። ደሴ ተመልሳችሁ ፎቶ ቤት ብታሳትሙት፣ ከስልካችሁ ጠማማ ፎቶ በእጥፍ ያምራል።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ

ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ሥዕሉ ባለበት ክፍል መብላትም መጠጣትም የለም። ካፌ አለ፣ ዋጋው ግን ወደ ብር ከተመነዘረ ያማል። ውጭ ያለው ናሽናል ሞል የሚሉት ቦታ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፣ መሸመቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምሳ ይዞ እዚያ መቀመጥ ይሻላል። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ከያዛችሁ ውስጥ ስትገቡ በፊት በኩል ይታዘላል ወይም በእጅ ይያዛል።

ሌላ ሙዚየም መግባት

ከተማው ውስጥ ስሙ የሚመሳሰል አለ። ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ሌላ ነው፣ እሱም ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ጂኔቭራ ግን እዚያ የለችም። በባቡር ከሆነ አርካይቭስ የሚባለው ጣቢያ ላይ ውረዱ።

ሰዓቱን በእኛ መስማት

ልጅ በስልክ «በ5 ይዘጋል» ሲል እናት 5 ሰዓት የቡና ሰዓት ይመስላታል። በእነሱ ከ10 እስከ 5 ማለት፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። ጠዋት በ4 ሰዓት የገባ ሰው ጂኔቭራን ሳይጋፋ ያያታል። የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ክርክር ሥራ ሲያቆም ሙዚየሙም ሊዘጋ ይችላል፣ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ እንደሆነው፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ዜና ስሙ። ከዚያ ውጭ በዓመት ውስጥ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 እና ጥር 1 ብቻ ነው። በእኛ የገና ዕለት ክፍት ነው።