ለሥራ የነዳችሁት ማይል ታክስ ያስመልሳል፦ እንግሊዝ ሀገር ለምትሠሩ

እንግሊዝ ሀገር ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ቤንዚኑ ከኪሳቸው፣ ጎማው ከኪሳቸው። አንዳንዱ አሠሪ ለማይል 20 ፔንስ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይከፍልም። ለዚህ ነው ማይሌጅ አላውንስ ሪሊፍ (በራስ መኪና ለሥራ ለተነዳ ማይል የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) የሚባለው መብት ያለው። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አምጥቶ አይሰጣችሁም።

መጀመሪያ የትኛው ጉዞ እንደሚቆጠር ለዩ። ከአንድ ደንበኛ ቤት ወደ ሌላው፣ ወይም ከቢሮ ወደ ስብሰባና ሥልጠና የነዳችሁት ይቆጠራል። ከቤታችሁ ወደ ቋሚ የሥራ ቦታችሁ የምትመላለሱት አይቆጠርም። መኪናው የድርጅቱ ከሆነም ይህ አሠራር እናንተን አይመለከትም።

ቀጥሎ ማይሉን መዝግቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ገንዘቡም የሚቀረው እዚሁ ላይ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ የእያንዳንዱን ጉዞ ምክንያት፣ የተነሳችሁበትንና የደረሳችሁበትን ፖስትኮድ ማየት ይፈልጋል። አንድ ደብተር መኪና ውስጥ አኑሩ። ሞተሩን እንዳጠፋችሁ፣ ቀበቶውን ሳትፈቱ፣ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ደንበኛ ወደ ሁለተኛዋ፣ 4 ማይል፣ ምሳ ለማብላት»፤ ከጎኑ ሁለቱን ፖስትኮዶች። የደንበኛ ስም አትጻፉ፣ አያስፈልግም። ማታ ቤት ገብቼ እሞላዋለሁ ካላችሁ፣ ደክሟችሁ ትተኛላችሁ።

አሁን ሒሳቡ። ለ2024/25 የግብር ዓመት (ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2025) የተፈቀደው፣ እስከ 10,000 ማይል ድረስ ለእያንዳንዱ ማይል 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ 25 ፔንስ ነው። መኪናው ናፍጣም ይሁን ኤሌክትሪክ ልዩነት የለውም። ኢንሹራንሱም ጥገናውም በዚሁ ውስጥ ስለተካተተ ለብቻው አይጠየቅም።

ዓመቱን 6,000 ማይል ነዳችሁ፣ አሠሪያችሁ 20 ፔንስ ከፈለ እንበል። የሚጎድለው 25 ፔንስ ነው፤ በ6,000 ሲባዛ 1,500 ፓውንድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚመለሰው 1,500ው ሳይሆን፣ በዚያ ላይ የከፈላችሁት ታክስ ነው። 20 በመቶ ከፋይ ከሆናችሁ 300 ፓውንድ ማለት ነው። አሠሪው ምንም ካልከፈለ 540 ይደርሳል። 45 ፔንሱን ሞልቶ ከከፈለ የምትጠይቁት የለም። ገቢያችሁ ከ12,570 ፓውንድ በታች ሆኖ ታክስ ካልተቆረጠባችሁም የሚመለስ የለም።

ማመልከቻው ፒ 87 የሚባለው ፎርም ነው። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን፣ የአሠሪውን የግብር መለያ ቁጥር (PAYE reference፤ አሠሪው በግብር ዓመቱ መጨረሻ በሚሰጣችሁ ፒ 60 የሚባል የደመወዝና የታክስ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ) እና የደብተሩን ቅጂ አዘጋጁ። ለአንድ ዓመት የምትጠይቁት ወጪ ከ2,500 ፓውንድ ከበለጠ በሴልፍ አሰስመንት (ገቢንና ግብርን ራስ አስልቶ የማሳወቅ ሥርዓት) በኩል ነው የሚሄደው። ፎርሙ ነፃ ነው። እኛ እናስመልስላችኋለን እያሉ ኮሚሽን ለሚቆርጡ ድርጅቶች ከመፈረማችሁ በፊት፣ እንግሊዝኛ የሚቀናውን ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ሙሉት። የሰዓታት ላብ ነው፣ ለሌላ አታካፍሉት።

ያለፉትንም አትተዉ። የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ጊዜ አላችሁ። የ2024/25ን እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2029 ድረስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደብተር ካልያዛችሁ፣ የድሮ የሥራ ፕሮግራማችሁን ከስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ የትኛው ቀን የት እንደዋላችሁ ከዚያ ይገኛል።