ራስ ደጀንን ለመውጣት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ጥምቀትን ጎንደር እናከብራለን። ከዚያ ሦስት ቀን አለችን። ራስ ደጀንን ወጥተን እንመለስ?» ደዋዩ አንዳንዴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ዘመድ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። በሦስት ቀን አይሆንም።

ይህን ተራራ እወደዋለሁ። አራት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ጫፉን ረግጫለሁ። ገመድ አይፈልግም። የተለየ የመውጣት ጥበብም አይፈልግም። ጤነኛ እግርና ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል። ሳይደርሱ ሲመለሱ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች የተሸነፉት ገና ቤታቸው ሆነው ቀን ሲቆጥሩ ነው። እኔም ያልደረስኩበት ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቀን መቆጠብ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት የተነሳ ሰው በዚያው ቀን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ጨነቅ ካምፕ ገብቶ ማደር ይችላል። ጉዱ የሚጀምረው ይህ በመቻሉ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር በመኪና ትወጣላችሁ ማለት ነው። እግራችሁ አልደከመም፤ ሰውነታችሁ ግን የት እንዳለ ገና አልገባውም።

ከፍ በተባለ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የራስ ደጀን ጫፍ 4,550 ሜትር ነው። እዚያ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ አይሞላም። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪሞች የሚመክሩት እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣችሁ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እረፉ።

የስሜን ካምፖች ለዚህ ታስበው የተቀመጡ ይመስላሉ። ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ጊጭ 3,600፣ ከዚያ ጨነቅ። በየአንዳንዳቸው አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ጨነቅ ሲደርስ ሰው ሆኖ ነው የሚደርሰው። ከጊጭ ወጣ ብሎ እሜት ጎጎ የሚባለውን ከፍታ ማየትም አለ። 3,926 ሜትር ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ለሰውነት ጥሩ ልምምድ ነው። ደግሞ ገደሉ ዳር ቆሞ ቁልቁል ማየትን የመሰለ ነገር የለም።

«እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና በአውሮፕላን ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ትሻላላችሁ። ያ ጥቅም ግን ሳንቃ በር ላይ አልቆ ይቀራል።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በመጣ በአራተኛው ቀን ጨነቅ አደርን። ማራቶን ሮጧል፤ ከሁላችንም ጠንካራ እሱ ነበር። ማታ ሾርባ ቀርቦለት ማንኪያውን ይዞ ዝም አለ። «ትንሽ ራሴን አሞኛል» አለኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከድንኳን ወጥቶ አስመለሰው። በባትሪ መብራት መሬት ላይ መስመር አሰመርኩና ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመ እንዲራመድ ነገርኩት። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ። ሚዛን መሳት አንጎል ውስጥ እብጠት መጀመሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ሾፌሩን ቀስቅሰን በዚያው ሌሊት ደባርቅ ወረድን። ጠዋት ክሊኒክ ከታየ በኋላ እንጀራ በላ። ያን ዓመት ጫፉን አላየንም።

ስለዚህ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ካልተሻለ ውረዱ። ሚዛን ከተሳተ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ውረዱ። ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ምልክቱን መደበቅ ነው። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ።

አረቄን በብርድ መከላከያነት መያዝ

ደባርቅ ላይ ጠርሙስ የሚገዛ አይጠፋም። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣው ነው። ሙቀቱ በዚያው ወጥቶ ይሄዳል። እንቅልፍንና ትንፋሽንም ያውካል። ስትመለሱ ጠጡት።

«ከጨነቅ በኋላ ያለቀ ነው» ማለት

ካርታ ላይ ጨነቅና ራስ ደጀን ቅርብ ናቸው። በዓይንም ቅርብ ናቸው። በመካከል ያለውን ሸለቆ ግን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ከጨነቅ ተነስታችሁ ቧሂት ተራራ አጠገብ ወዳለው ማለፊያ ትወጣላችሁ፤ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ መሸሃ ወንዝ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ትወጣላችሁ። አምቢቆ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሄዱ ውላችሁ ከተነሳችሁበት በታች ታድራላችሁ። ሰው ልቡ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ይህን ቀድሞ ያወቀ አይደነግጥም። ለቁልቁለቱ ሁለት ዱላ ያዙ። ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል። ጠዋት በጊዜ ተነሱ፤ ሸለቆው ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያነዳል። የመኪና መንገዱ ማለፊያውን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ስለሚወርድ ጥቂቱን በመኪና መቁረጥ ይቻላል። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይህን አስቡለት።

ከሁሉም በላይ የመመለሻውን አስሉ። ያ 1,400 ሜትር ቁልቁለት ስትመለሱ ዳገት ነው። የሚመጣውም ጫፉን ከወጣችሁ በኋላ፣ እግራችሁ ሲዝል ነው። በጀታችሁንም ቀናችሁንም እስከ ጫፉ ብቻ አታስሉ።

ጋቢ ይበቃል ማለት

ጋቢ እሳት ዳር ለመቀመጥ ግሩም ነው። ግን ጥጥ ነው። ሲረጥብ ከብዶ ይቀዘቅዛል፣ በቶሎም አይደርቅም። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ቲሸርትም እንደዚያው። ዳገት ላይ ያልባችኋል፤ ማለፊያው ላይ ነፋሱ ያንን ላብ ያገኘዋል።

በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ጠዋት ጨነቅ ላይ ድንኳኔ ውስጥ ያስቀመጥኩት የውሃ ኮዳ ግማሹ በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ክዳኑ አልከፈት ብሎኝ ጃኬቴ ውስጥ አቅፌ አሞቅሁት። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ከውስጥ፣ ወፍራም ጃኬት ከላይ፣ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ደግሞ ከሁሉም በላይ። ኮፍያና ጓንት አይረሳ። ከምኝታ ከረጢቱ ሥር የሚነጠፍ ፍራሽ የግድ ነው፤ ብርዱን የሚያስገባው መሬቱ ነው። የስልክ ባትሪ እንዳይሞት አብሯችሁ ይተኛ።

ጫማው ደግሞ አዲስ አይሁን። ቢያንስ አንድ ወር እንጦጦን ወይም ሰፈራችሁን አስመላልሱት።

የምግቡን ነገር ለምግብ አብሳዩ ብቻ መተው

ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይፈላል፤ ጀርሙንም ይገድላል፤ ባቄላና ምስር ግን በቶሎ አይበስልም። ስንት ሰው ጥሬ ምስር በልቶ ሆዱን ይዞ አድሯል! ሽሮ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ገንፎ ይሻላል። በሶ የያዘ ሰው አይቸገርም። ጭኮማ ካለ ሌላ ነገር አትፈልጉም። ከወንዝ የሚቀዳውን ውሃ ሳታፈሉ ወይም ሳታክሙ አትጠጡ፤ ከላይ ከብት አለ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ቀድሞ ይታሰብበት። የጾም ምግብ በልቶ መውጣት ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ዳገት መውጣት ግን አደጋ አለው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እናንተ ባትጾሙም አብረዋችሁ የሚሄዱት ሰዎች ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። በቂ ዘይትና ሽሮ ሳይያዝላቸው ሥጋ ብቻ ተጭኖ ሲሄድ አይቼ አዝኛለሁ።

ስካውቱንና ባለ በቅሎውን አለመስማት

ፓርኩ ውስጥ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ አጃቢ ሳይዙ አይኬድም። ጠመንጃ ይዞ ስለሚሄድ ብዙዎች እንደ ጥበቃ ብቻ ያዩታል። እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ደመናው መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ ያውቃል። በመጀመሪያው ጉዞዬ እየተጣደፍኩ ስካውቱን ቀድሜ እወጣ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «ትንፋሽህን አስቀድመውና እግርህ ይከተለው።» አፍሬ ከኋላቸው ሆንኩ። ከዚያ በኋላ በእሳቸው እርምጃ ነው የሄድኩት። አንድም ጊዜ ሳላርፍ ማለፊያው ላይ ደረስኩ።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ጋሼ፣ ማታ የምትለብሱት አለ?» ብዙዎቹ በስስ ልብስ ነው የሚያድሩት። አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ በቅሎዋን አያጎብጣትም። በቅሎዋን ካነሳን አይቀር፣ ጭነት አታብዙባት፤ ለባለቤቷም የመመለሻውን ቀን ጭምር ክፈሉ።

ወቅቱንና ጸጥታውን ሳይጠይቁ መነሳት

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ፣ ጭቃና ጭጋግ ነው። ጥቅምት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል። የአካባቢው ጸጥታ ግን ይለዋወጣል። ትኬት ሳትቆርጡ ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አትሂዱ ከተባለ አትሂዱ።

አስታ ማንደድ፣ ጭላዳ ማብላት

አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ እናንተ ለአንድ ምሽት ሻይ ታነዱታላችሁ። ጋዝ ያዙ። ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ሣር ነው የሚበላው፤ ብስኩት ከለመደ ካምፕ መዝረፍ ይጀምራል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት የፈጀን ነገር ነውና እንጠንቀቅለት።

የመውጫውን ቀን አርፍዶ መጀመር

ከአምቢቆ ጫፉ ደርሶ ለመመለስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። 1,350 ሜትር ያህል ዳገት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ሁኑ። የግንባር ባትሪ፣ ትርፍ ባትሪም። ፀሐይ ስትወጣ ጅባራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ትሆናላችሁ። ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጫፉ ሥር ትደርሳላችሁ። ከቀትር በኋላ ደመና ይመጣል፤ አንዳንዴም በረዶ። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ይህን ሰዓት ማታውኑ አብራችሁ ወስኑ፤ ጫፉ ከታየ በኋላ ማንም አይስማማም።

የመጨረሻዋ ክፍል ድንጋይ ናት። እጅ ትፈልጋለች፣ ዱላውን ከታች ተዉት። ጓንት አድርጉ፤ ድንጋዩ ጠዋት እንደ ብረት ይቆረጥማል። ላይ ስትደርሱ ለፎቶ የሚተርፍ ቦታ ትንሽ ነው። ነፋሱ ጠንካራ ነው፤ ቁጭ በሉና ዙሪያውን እዩ። በሶውን የምትበሉት እዚያ ነው። የመጣችሁበትን ቧሂትን ማዶ ታዩታላችሁ፤ ነገ እንደገና ትወጡታላችሁ።