ብግነት ያለበት ጉበት መድኃኒት የማፍረስ አቅሙ ምን ያህል እንደቀነሰ በላብራቶሪ አይጥ ላይ መለካት

የባክቴሪያ መርዝ ወደ ሰውነት ሲገባ የሚለቀቁት የብግነት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖች (ኢንተርሉኪን-6፣ ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ) ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚያፈርሱትን የሳይቶክሮም ፒ450 ኢንዛይሞች ምርት ያስቀንሳሉ። በዚህም የተነሳ ከጤናማ እንስሳ ደም ቶሎ የሚጠፋ መድኃኒት በታመመው እንስሳ ደም ውስጥ ይቆያል። መቀነሱን መለካት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ብግነቱ ያመጣውን ለውጥ ረሃብ ካመጣው መለየት ነው።

ወንድ ዊስታር ወይም ስፕራግ-ዳውሊ አይጦች ምረጡ፤ ከእነዚህ ኢንዛይሞች በብግነት በጣም ከሚቀንሱት አንዱ የሆነው ሲዋይፒ2ሲ11 በወንዶቹ ላይ ብቻ ስለሚገኝ። የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። የዝግባ ወይም የጥድ ፍቅፋቂ አታንጥፉ፤ ሽታው ራሱ እነዚህን ኢንዛይሞች ከፍ ያደርጋል።

የባክቴሪያ መርዙን፣ ማለትም የኢ. ኮላይ ሊፖፖሊሳካራይድን፣ በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም አድርጋችሁ በጥብጡ። መርዙ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃልና ከመሳባችሁ በፊት ሁልጊዜ በደንብ ናጡት። በኪሎ 1 ሚሊግራም ሆድ ውስጥ ይወጋል፤ 250 ግራም ለሚመዝን አይጥ 0.5 ሚሊሊትር ማለት ነው። ኃይሉ ከምርት ቁጥር ወደ ምርት ቁጥር ስለሚለያይ ለሙከራው በሙሉ አንድ ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

የተወጋው አይጥ መብላት ያቆማል። ረሃብ ደግሞ ብቻውን ኢንዛይሞቹን ይለውጣል፤ ለምሳሌ ሲዋይፒ2ኢ1ን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሦስት ቡድን ያስፈልጋል፦ መርዙን የተወጉ፣ ሳላይን ተወግተው እንደልብ የሚበሉ፣ ሳላይን ተወግተው የታመሙት የበሉትን ያህል ብቻ የሚሰጣቸው። የመጨረሻው ቡድን የታመሙት የበሉት ከተመዘነ በኋላ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል። ይህ ቡድን የሌለበትን ውጤት ማመን ይከብዳል።

ጉበቱን ከተወጉ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ለሁሉም ቡድን በቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አውጡ። ኢንዛይሙ የሚመረትበት የጂን መልእክት (ኤምአርኤንኤ) በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ቀድሞ የተመረተው ፕሮቲን ግን ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ከተወጉ ከ6 ሰዓት በኋላ የለካ ሰው ኤምአርኤንኤው ወርዶ ኢንዛይሙ እንዳለ ቢያገኝ አይደንግጥ።

ጉበቱን እስኪገረጣ ድረስ በቀዝቃዛ 1.15% ፖታሲየም ክሎራይድ እጠቡት፤ የቀረ ደም በኋላ የሚደረገውን የብርሃን ንባብ በ420 ናኖሜትር አካባቢ ያበላሻል። ለ1 ግራም 4 ሚሊሊትር በፈር ጨምራችሁ ፍጩ። በ10,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ካሽከረከራችሁ በኋላ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ወስዳችሁ በ100,000 ጂ ለ60 ደቂቃ አሽከርክሩ። ሁሉም በ4 ዲግሪ ይሠራል። ከታች የተቀመጠው ማይክሮሶም (ኢንዛይሞቹን የያዘው የሕዋስ ሽፋን ስብርባሪ) 20% ግሊሰሮል ባለው በፈር ይበጠበጥና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል።

የፒ450ን ጠቅላላ መጠን በብርሃን ለማንበብ ማይክሮሶሙን በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ፕሮቲን እንዲኖረው አቅጥኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ገዳይ ስለሆነ በጭስ መምጠጫ ካቢኔ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል በቀስታ አሳልፉበት። ሁለት ኩቬት (የብርሃን መለኪያ ብልቃጥ) ላይ ከፋፍላችሁ መነሻውን መስመር አንብቡ፤ ከዚያ በአንዱ ላይ ኢንዛይሙን ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ዳይቲዮናይት ጥቂት ቅንጣት ጨምሩ። የቆየ ዳይቲዮናይት አይሠራም። ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር አንብባችሁ የ450ውን ከ490ው ልዩነት ለ91 አካፍሉ፤ 0.091 ልዩነት ማለት በሚሊግራም ፕሮቲን 1 ናኖሞል ነው። በ420 ጉብታ ከታየና ደሙ በደንብ ታጥቦ ከነበረ ኢንዛይሙ ተበላሽቷል፤ ያ ናሙና ይጣላል።

ጠቅላላው መጠን ብዙ ሳይወርድ አንዱ ኢንዛይም ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ለማይክሮሶሙ ቴስቶስተሮን ሰጥታችሁ ከሚወጡት ውጤቶች 2-አልፋ ሃይድሮክሲቴስቶስተሮንን ለሲዋይፒ2ሲ11፣ 6-ቤታውን ለሲዋይፒ3ኤ ለኩ።

በሕይወት ባለ እንስሳ ደም ውስጥ መድኃኒት የምትለኩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። መድኃኒት ከሚያያዝባቸው የደም ፕሮቲኖች በብግነት ጊዜ አልቡሚን ይቀንሳል፣ አልፋ-1-አሲድ ግላይኮፕሮቲን ይጨምራል። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት ከአልፋ-1-አሲድ ግላይኮፕሮቲን ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ጠቅላላ መጠኑ ከፍ ብሎ ነፃው ክፍል ላይጨምር ይችላል፤ ነፃውን ለብቻው ለኩ።