ክረምቱ ሳይወጣ ከደሴ ወደ ግሸን በእግር ለሚጓዙ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የግሸን ደብረ ከርቤ ዓመታዊ ክብረ በዓል ደግሞ መስከረም 21 ይውላል። ዘመን ተለውጦ፣ አደይ አበባ ፈክቶ፣ ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ከዞሩ በኋላ ዝናቡ ያበቃ ቢመስልም፣ ወደ ግሸን በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው ክረምቱ ገና ሳይወጣ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ይኖርበታል። የመስከረም ዝናብ እንደ ሐምሌው ቀኑን ሙሉ አይውልም፤ ነገር ግን መሬቱ ወራት ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ስለጠገበ፣ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚጥል ዶፍ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ከደሴ እስከ ግሸን በመኪና መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እግረኛው አንዳንዱ በቦሩ ሜዳና በኩታበር፣ አንዳንዱም በሐይቅና በውጫሌ በኩል ይሄዳል፤ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው የሐረጎን ዳገት ጨምሮ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። መንገዱ ደረቅ ቢሆን ከደሴ ለሚነሣ ጤነኛ ሰው ሦስት ቀን ይበቃል። በዝናብ ጊዜ ግን አምስት ቀን መያዝ ይገባል የምለው በጭቃ ላይ እግር ስለሚዘገይ ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ለመጠበቅ የሚሆን ቀን እንዲኖር ነው። የብዙዎቻችን ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መስከረም 16 ደመራውን ለኩሰን፣ 17 መስቀልን ከቤተሰብ ጋር አክብረን፣ 18 ንጋት ላይ ከደሴ ስንወጣ በእጃችን የሚቀረን ያው ሦስት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ወንዝ ሞልቶ ቢጠብቀን፣ «በዓሉ ሊያመልጠን ነው» የሚለው ጭንቀት ገፍቶ ውሃ ውስጥ ያስገባናል። ስለዚህ መስከረም 15 መነሣትንና መስቀልን በመንገድ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ማክበርን እመክራለሁ። መስቀልን ከቤቱ ውጭ ማሳለፍ የማይሆንለት ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ በመኪና ሄዶ የቀረውን በእግሩ ቢጓዝ ይሻለዋል፤ በረከቱ ይጎድልብኛል ብሎ የሚሰጋ ቢኖር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

በእያንዳንዱ ቀን የሚነሡበት ሰዓትም እንዲሁ መታሰብ አለበት። ደመናው የሚከማቸው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስከ 7 ሰዓት መጓዝና ከዚያ በኋላ ማረፊያ መፈለግ ከሁሉ የተሻለ ሥርዓት ነው። ትናንት ማታ የሞላ ትንሽ ወንዝ ሌሊቱን ሲጎድል አድሮ ጠዋት ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ይሞላል። ከዚህ የተነሣ 5 ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር የደረሰ መንገደኛ ውሃው ጎድሎ ካገኘው፣ ስንቁን ፈትቶ ከመቀመጡ በፊት መጀመሪያ ይሻገር፤ ምሳውን ማዶ ይበላዋል። ሞልቶ ካገኘው ግን ከወዲህኛው ወገን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይደር።

ደራሽ ውሃ የሚያታልለው ራሳችን ቆመን ያለንበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ መምጣቱ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ይህን ከቦርከና ያውቀዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ እየወጣ፣ ደሴና ዙሪያዋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን አደፍርሶ ያመጣዋል። በግሸን መንገድ የሚሻገሯቸው ጅረቶችም ከዚህ የተለየ ጠባይ የላቸውም። ስለዚህ ከእግር በታች ያለውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚመጣበትን ተራራ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ጠቁሮ ጉም ከለበሰ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማበት መሻገሩ ይቆይ። የጠራው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ በኩል እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ዳገቱ መውጣት ይገባል። የውሃውን መጨመርና መጉደል ለማወቅ የሚያገለግል አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ውሃው መሬቱን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ቀጭን እንጨት መትከልና አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሞ ለመጨረስ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል መጠበቅ ነው። እንጨቱ በደረቅ መሬት ላይ ከቀረ ወንዙ እየጎደለ ነው፤ ውሃው አልፎት ከሄደ እየሞላ ነውና ክርክሩ በዚሁ ያብቃ።

ይህን የተማርሁት በሰላም አይደለም። አንድ ዓመት ሰባት ሆነን ስንሄድ ከጉልበት በታች የሚመስል ጅረት አገኘንና፣ ጫማዬ እንዳይርስ አውልቄ በአንገቴ አንጠልጥዬ ቀድሜ ገባሁ። ከማዶ አንድ አረጋዊ ገበሬ «ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በል፣ ይጎድላል!» እያሉ ሲጣሩ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ። መሐል ላይ ስደርስ በባዶ እግሬ የረገጥሁት ድንጋይ ተንከባለለና በጎኔ ወደቅሁ፤ ውሃው ወደ ሃያ ርምጃ ያህል ገፍቶ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ባያጋጨኝ ኖሮ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም። ጫማዬ ሄደ፤ በከረጢት የያዝሁት በሶ እዚያው ጀርባዬ ላይ ተቦክቶ ተገኘ። የቀሩት ስድስቱ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ጠብቀው ቁርጭምጭሚታቸው ብቻ ርሶ ተሻገሩ።

በፍጥነት የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ሰውን ከእግሩ ሊያነሣ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ስለሆነም «አይሱዙው አልፏል» የሚለው ለእግረኛ ማስረጃ አይሆነውም፤ መኪና ላይ ተሳፍሮ የሞላ ወንዝ የሚያልፍም ሰው ሹፌሩ ደፋር በመሆኑ መደሰት የለበትም። ወራጁ ከጉልበት በታች ሆኖ መሻገር የግድ ሲሆን፣ ጠበብ ብሎ ጸጥ ያለውን ሳይሆን ሰፋ ብሎ የተንጣለለውን ቦታ መምረጥ ይገባል፤ ጠባቡ ጸጥ የሚለው ጥልቅ ስለሆነ ነው። ጫማ አይወልቅም። ቢወድቁ በቶሎ ለመጣል እንዲመች የሻንጣው ማንገቻ ይላላል፤ ነጠላና ጋቢ ተጠቅልለው ውሃው ከማይነካቸው ቦታ ይታሰራሉ። ፊትን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ፣ ምርኩዙን ከፊት ተክሎ፣ እግርን ሳያነባብሩ በጎን ቀስ እያሉ ማለፍ ነው፤ አንድ እግር ሲነሣ ምርኩዙና ሌላው እግር መሬት ይዘው መቆየት አለባቸው። በቡድን ሲሆን ከሁሉ የበረታው በላይ በኩል ቆሞ የውሃውን ኃይል ይቀበላል፤ ሌሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ከበታቹ በአንድ መስመር ይከተሉታል። ገመድ በወገብ ላይ ማሰር የሚመከር አይደለም፤ የወደቀውን ሰው ገመዱ ራሱ ከውሃ በታች ይዞ ያስቀረዋልና። ውሃ የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደሚወርድበት አቅጣጫ ያስቀድም፤ ድንጋይ የሚመታው እግሩን እንጂ ጭንቅላቱን አይሁን። በሌሊት ግን፣ ጨረቃ ብትኖርም ባትሪ ቢያዝም፣ የሞላ ወንዝ አይሞከርም።

ከወንዝ ቀጥሎ የሚያሰጋው ናዳ ነው። የደሴ ሰው በተራራ ግርጌ የሚኖር እንደመሆኑ ምልክቱን አይስተውም፤ በዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያለ ነፋስ ያዘመመ ዛፍ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ አንድ አንድ እያሉ የሚንከባለሉ ጠጠሮች ከታዩ ከሥሩ ፈጥኖ ማለፍ ነው። ለመኪና መንገድ ተብሎ በተቆረጠ ገደል ሥር ዝናብ መጠለል በጣም የተለመደ፣ በጣምም መጥፎ ልማድ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢ ለአዳር እንጂ ለዝናብ አይሆንም። ጥጥ ሲርስ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም፤ በከፍታው ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሰው መስከረም ላይ በብርድ ሊደነዝዝ ይችላል። ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ላስቲክ ማድረግ ይሻላል። ገሳ (ከሣር የሚሠራ የዝናብ መከላከያ) ያለው ሰው የቀናው ነው። የሌለው የገበሬውን ዘዴ ይከተል፤ በውስጡ ላስቲክ ያለውን የማዳበሪያ ከረጢት ይወስድና አንዱን የታች ማዕዘን ወደ ሌላኛው ማዕዘን ውስጥ ገፍቶ ያስገባዋል፤ ያን ጊዜ ሹል ቆብ ይወጣውና ራስን፣ ትከሻንና ሻንጣን አንድ ላይ ይሸፍናል። ዋጋው ከጃንጥላ ያንሳል፤ እጅንም ለምርኩዝ ነፃ ያደርጋል። (ጃንጥላን አልንቅም፤ ግን ከቦሩ ሜዳ ነፋስ ጋር ሲታገል ያላየሁት ጃንጥላ የለም።) አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በሁለት ፌስታል ተደራርቦ ታስሮ መያዝ አለበት፤ ይህም ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ስለሆነ ቀን ላይ ምንም ያህል ብንረጥብ አይፈታም።

ከእግር ሕመም የተነሣ ከመንገድ የሚቀረው ሰው ብዙ ነው። ቦቲ ለእርሻ ጥሩ ቢሆንም ለረጅም መንገድ ባቱን ይልጣል፤ አንዴ ውሃ ከገባበትም አያስወጣም። ውሃን የሚያሳልፍ፣ ሶሉ ያላለቀ፣ ቀደም ብሎ የተለመደ ጫማ ይመረጣል። አዲስ ጫማ ለግሸን ብሎ መግዛት ራስን መቅጣት ነው። በስእለት ምክንያት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ወንዝ ሲሻገር ጫማ ያድርግ፤ ከጎርፍ በታች ያለው እሾህና ጠርሙስ አይታይምና። ማታ ማታ እግርን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር አድርቆ፣ ቫዝሊን ቀብቶ በደረቅ ካልሲ መተኛት ያስፈልጋል። ጠዋት ላይ ርጥቡን ካልሲ መልሶ ማጥለቅ ቢያስጠላም፣ ደረቁ ለሌሊት መትረፍ ስላለበት እንዲያ ማድረጉ ይሻላል።

ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይበቃሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ እንዳይርሱ ለአንድ ቀን የሚሆነው ለብቻው ይቋጠር። ከስንቁ ይልቅ ውሃው ያሳስባል፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ጠርቶ የሚታይ ምንጭ እንኳ አይታመንም። ማፍላት ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ መድኃኒት) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ተቅማጥ የጀመረው ሰው ካለ በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ይጠጣ፤ ካልቆመለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907፣ የፖሊስ 991 ነው፤ ስልኩም ከቅያሪው ልብስ ጋር በፌስታል ይታሰር።

የት ይታደራል ለሚለው፣ በወሎ ገጠር «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር የቆመን መንገደኛ መመለስ ነውር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ያስገባል፤ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ መስጊድ በእግሩ የወጣ አባወራ የረጠበ እንግዳ ምን እንደሚያስፈልገው አይነገረውም፣ እሳቱን ገፋ አድርጎ ያነድለታል። እንግዳውም በበኩሉ ጭቃውን ደጅ አራግፎ ይግባ፣ ከስንቁም ያካፍል። ቤት ካልተገኘ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም ትምህርት ቤት ይጠየቅ፤ ደረቅ በሚመስል የወንዝ አሸዋ ላይና ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር ግን አይታደርም። መብረቁ ከበራ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለ3 ቢያካፍሉ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል፤ ቁጥሩ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከተራራው ጫፍ መውረድ ያስፈልጋል።

ግሸን አምባው ዙሪያው ገደል ነው። አምባው የመስቀል ቅርጽ ስላለው ግማደ መስቀሉ በዚያ እንዲያርፍ ተመረጠ ይባላል፤ ለእግረኛው ግን ከቅርጹ ይልቅ የሚያሳስበው ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግደው መውጫ ጠባብና ቁልቁለታም መሆኑ ነው። ዝናብ እየዘነበ ከሰው ጋር ተገፋፍቶ ከመውጣት ዶፉ እስኪያባራ ከታች መቆየት ይመረጣል። አረጋውያንና ልጆች በግድግዳው ወገን፣ ጎልማሶች በገደሉ ወገን ይሁኑ። መስከረም 21 ቅዳሴ እንዳለቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወርድና ሰዓቱም ዝናብ የሚመጣበት ስለሆነ፣ የሚቻለው ሰው እዚያው አድሮ 22 ማለዳ ይውረድ። በእግሩ የሚመለስ ከሆነ ሲመጣ የተሻገራቸውን ወንዞች እንደገና ያገኛቸዋልና፣ ሲሄድ በጉልበቱ ልክ የነበረው ውሃ ዛሬም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ሳይገምት እንጨቱን በጠርዙ ላይ እንደገና ይትከል።