የተበላ የጭስ ማውጫ ቱቦ አጠጋገንና አቀያየር

አብዛኛው የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚበላው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጥራል። ሞተሩና ቱቦው በደንብ ሲሞቁ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ካልሞቁ ግን እዚያው ማርሚታው (ድምፁን የሚያፍነው ሣጥን) ሆድ ውስጥ ይተኛል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በጠዋት ተነሥቶ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ማርሚታው አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይደርቅ ይከርማል። ረጅሙን መንገድ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከሚመለሰው ይልቅ ከተማ ውስጥ የሚዞረው ቶሎ የሚበሳው ለዚህ ነው። የክረምት ጭቃና ወደ መንዝ ገጠሮች የሚገባው የጠጠር መንገድ ደግሞ ከውጭ በኩል ያግዙታል።

ድምፁ ሰው ያስቸግራል፤ የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ፣ መስኮት ተዘግቶ ዳገት ሲወጣ፣ ከወለሉ ሥር የተበሳ ቱቦ ጋዙን በወለል ቀዳዳና በማርሽ ዘንግ ዙሪያ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላቸው አሮጌ መኪኖች ከአየሩ ጋር ከሚመጣጠነው በላይ ቤንዚን ያስገባሉ፤ ጋዙም በዚያው ልክ ይበዛል። ተሳፋሪ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው መኪናውን አቁማችሁ ሁሉም ይውረድ። ስለዚህ ከሾፌሩ ወንበር ፊትና ሥር ያለ ቀዳዳ ለነገ አይባልም። ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው ጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችላል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ደጅ ላይ አስነሡት። አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የቱቦውን ጫፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይድፈን፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ አዳምጡ። ጥሩ ቱቦ ጨርቁን ይገፋል፣ ሞተሩም መታፈን ይጀምራል። የተበሳው ግን ከሆነ ቦታ “ፍስስ” ይላል። ቦታው ካልለየ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ርጩ፤ አረፋ ይሠራል። ጥቁር የጥላሸት መስመር ያለበትም መገጣጠሚያ ያፈስሳል ማለት ነው። ሲነሣ “ጢክ ጢክ” ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ችግሩ ያለው ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ላይ ነው፤ ብረቱ ሲግል ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ነው የሚጠፋው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ሥሩ መግባት ሞት ነው፤ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አድርጉ፣ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ። ከዚያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካቻቢቴ (ጠመዝማዛ ብሎን መፍቻ) እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ደብ ይላል። ደብ ባለው ቦታ ላይ የካቻቢቴውን ጫፍ ጫን አድርጉ፤ እንደ ደረቅ እንጀራ ኩርሽም ካለ እዚያ ላይ ምንም ነገር አይበየድም። በያጆችን ሁልጊዜ የሚያስወቅሰው ይኸው ነው፦ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያላት ቀዳዳ ላይ ላሜራ ይለጠፋል፣ ዙሪያው ግን ወረቀት ሆኗል። በሳምንቱ ከልጥፉ ጠርዝ ይቀደዳል። መቆረጥ ያለበት ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል ብረቱ እስከሚጮኽበት ድረስ ነው።

ቱቦው የተበላው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቁራጭ መተካት ይበቃል። ማርሚታው በስፌቱ በኩል ከተከፈተ ወይም ስታንቀሳቅሱት ውስጡ ቆርቆሮ ከተንኳኳ ግን ለብየዳ ገንዘብ አታውጡ፤ ሙሉውን ቀይሩ። ለአሮጌ ኮሮላና ለመሰሎቹ ያገለገለ ማርሚታ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ስትገዙ አንሥታችሁ ነቅንቁት፣ በስፌቱ ላይ ካቻቢቴ ጫን አድርጉ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ርዝመቱንና የማንጠልጠያ ጆሮውን ጎን ለጎን አስተያዩ።

የቱቦውን የውጭ ስፋት (ዲያሜትር) ለመለካት ካሊብሮ (የስፋት መለኪያ) ከሌለ ክር ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ። ክሩ 141 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው 45 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1.3 እስከ 1.6 ሊትር ሞተር ያላቸው ትናንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ብረት ይስማማል። የውኃ ቧንቧ እንዳታስገቡ። ክብደቱ ማንጠልጠያ ጎማውን ይበጥሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቧንቧው የተለበጠበት ነጩ ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ ለበያጁ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣበታል።

ከሁሉ የሚያታግለው ብሎኑን መፍታት ነው። ከመሥራታችሁ በፊት በነበረው ማታ ብሎንና ዳዶውን (በብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ፍሬ) በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ደብሊውዲ ፎርቲ ወይም ናፍጣ አጠጡት፣ ጠዋትም ድገሙት። በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ገፋ አድርጉ፣ “ጠቅ” ሲል ዝገቱ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወደ መፍቻው መልሱ። ባለ 6 ማዕዘን ቁልፍ ተጠቀሙ፣ ባለ 12ቱ የተበላ ዳዶ ጥጉን ያንከባልላል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የፊተኛው ብሎን እንቢ ካለ አትታገሉት፤ እዚያ ከተሰበረ ሰርስሮ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዳዶውን ብቻ በካርቦን (በጋዝ ብየዳ እሳት) ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ፍቱት፣ ወይም ዳዶውን በስካርፔሎ (በብረት መሮ) ሰንጥቁት። የኋለኞቹን ግን በግራይንደር ቆርጦ በአዲስ መተካት ይቀላል፤ ብሎኑ ከቱቦው ይረክሳል። ቱቦው ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ዕቃ) ካለው ሽቦውን መጀመሪያ ንቀሉ።

ብየዳው ከመኪናው ውጭ ይሁን። የነዳጁ ታንከር ከቱቦው ጎን ነው፣ የነዳጁም የፍሬኑም ቱቦ በዚያው ያልፋል። ቱቦው ሳይወልቅ በፊት የአሮጌውን አቀማመጥ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው በሚያልፍ መስመር በሚስማር ጭራችሁ ምልክት አድርጉበት። ይህች መስመር ካልተያዘች የተበየደው ቱቦ አምስት ዲግሪ ተጣምሞ ይመጣና ጫፉ ሻንሲውን ይመታል። አዲሱን ቁራጭ ስታስገቡ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ይደራረብ፣ የፊተኛው ቱቦ ሁልጊዜ ወደ ኋለኛው ውስጥ ይግባ፤ እንዲህ ሲሆን ጋዙ መገጣጠሚያውን ከውስጥ አይመታውም። ዝገቱና ቀለሙ ነጭ ብረት እስኪወጣ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጥ።

ለ1.5 ሚሊ ሜትር ብረት የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ60 እስከ 75 አምፔር ይበቃል። መጀመሪያ በአራት ቦታ ፑንታ (ነጥብ ብየዳ) ስጡ፣ ምልክቱን አይታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ አንድ ወጥ መስመር አትጎትቱ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በይዳችሁ ወደ ተቃራኒው ጎን ዙሩ፤ አለዚያ ብረቱ ይግልና ይቦረቦራል፣ ቱቦውም ይጣመማል። ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፋችሁ እዩ፤ የመርፌ ቀዳዳ ከቅርፊቱ ሥር ነው የሚደበቀው። አንዱን ጫፍ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ደፍናችሁ ውኃ ብትሞሉበት የሚያልበው ቦታ ወዲያው ይታያል። ከዚያ አድርቁትና 600 ዲግሪ የሚችል ቀለም ቀቡት፤ ተራ ቀለም በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል።

ስትገጥሙ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ ያረጀው ዳግመኛ አይገጥምም። ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ፣ ቱቦው ራሱ ተንጠልጥሎ ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ስፕሪንግ ያለው ከሆነ ስፕሪንጉ ሙሉ በሙሉ እስኪጨፈለቅ አታጥብቁት፤ ቱቦው እንዲወዛወዝ ነው የተሠራው።

ማንጠልጠያውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ቱቦ ደጋግሞ የሚሰነጠቀው ግን በእርሱ ምክንያት ነው። ሦስት ሜትር ብረት በ300 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሽቦ ከታሰረ የሚረዝምበት ስለሌለው ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ጎማው ከጠፋ ከአሮጌ ጎማ ግድግዳ፣ ክሩ ያልተበጠሰበትን፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጦ በሁለት ብሎን ማሰር ለኋለኛው ማንጠልጠያ ይሠራል፤ ከሞተሩ አጠገብ ግን አታድርጉት፣ ይቀልጣል። ተንጠልጥሎ ሲያልቅ በእጅ ወዝውዙት፤ ከወለሉ፣ ከእጅ ፍሬን ኬብልና ከነዳጅ ቱቦ ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የሞተር መቀመጫ ጎማው ካለቀ አዲሱም ቱቦ ዓመት አይሞላውም።

መንገድ ላይ ከተበሳ ደግሞ የወተት ቆርቆሮ ቆርጣችሁ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉበትና በሁለት ፋሼታ (በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት) እሰሩት። መስኮት ከፍታችሁ እስከ ቤት ወይም እስከ ቅርቡ ጋራዥ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀለምና ዘይት ስለሚቃጠል ትንሽ ይጨሳል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሡት። 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ብርሃን ሸኖ ደርሶ መልስ ማለት ነው፣ ከሄደ በኋላ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ብሎን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ። ማርሚታው ሥር ከታች በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ክብ ቀዳዳ ብታዩ ዝገት የበላት መስላችሁ እንዳትበይዷት፤ የተጠራቀመው ውኃ የሚወጣው በእርሷ ነው።