ተመሳሳይ ዝንብ አዳኝ ወፎችን በኢትዮጵያ ደጋ እንዴት እንደምንለይ

በመናገሻ ሱባ ደን ዳርቻ ወይም በአዲስ አበባ ግቢ ዛፎች ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ድንገት ወደ አየር ተወርውራ ነፍሳት ቀልባ የምትመለስ ግራጫማ ወፍ ያየ ሰው ዝንብ አዳኝ መሆኗን ወዲያው ይገምታል፤ የሚያስቸግረው የየትኛው ዝርያ እንደሆነች መወሰኑ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ከላባ ቀለም ይነሣል። እኔ ግን ቀለሙን መጨረሻ ላይ እንድትመለከቱት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በዛፍ ጥላ ሥር ቡናማውና ግራጫው አይለዩም፣ ሰማይ ከጀርባዋ ያለ ወፍም ከእውነተኛ መልኳ ይልቅ ጠቁራ ትታያለች።

በባይኖኩላር አስቀድማችሁ ዓይኗን ፈልጉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘውና አስጎብኚዎች አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር የሚሏት ብርቅዬ ወፍ፣ ስትጎለምስ ብዙውን ጊዜ ፈዛዛ ቢጫ ዓይን ይኖራታል፤ በግራጫው ፊቷ ላይ ይህ ዓይን ከሩቅ ጎልቶ ይታያል። ዓይኗ ጥቁር ከሆነ፣ ሰውነቷ ድቡልቡል፣ ጅራቷ አጭር፣ ርዝመቷም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ በደጋ ግቢዎች የተለመደችው አፍሪካን ደስኪ ፍላይካቸር መሆኗ አያጠራጥርም ለማለት ይቻላል።

ከዚህችኛዋ ጋር በብዛት የምትምታታው ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥታ የምታልፈው ስፖትድ ፍላይካቸር ናት። ይህቺ ቀጠን፣ ረዘም ያለች ስትሆን ክንፎቿም ረጃጅም ናቸው። ስሟ ነጠብጣብን ቢያመለክትም የጎለመሰችው ወፍ ግንባርና ደረት ላይ ያለው ቀጫጭን ሰረዝ ነው፤ በተለይ የግንባሩን ሰረዝ ፈልጉ፣ በደስኪዋ ግንባር ላይ እንዲህ ጎልቶ አይታይምና።

የቀን መቁጠሪያም እንደ ባይኖኩላር ይጠቅማል። ስፖትድ ፍላይካቸር በብዛት የምታልፈው በመስከረምና በጥቅምት፣ ስትመለስ ደግሞ በሚያዝያ አካባቢ ነው። በሐምሌ ግን በመራቢያ አገሯ ስለሆነች፣ በዚያ ወቅት በደጋ ደን ነጠብጣብ ያላት ወፍ ብታዩ የአገሬው ዝርያ ጫጩት መሆኗን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። የዝንብ አዳኞች ጫጩቶች ነጠብጣብ ላባ አላቸው፤ የስሌቲዋ ጫጩት ዓይን ደግሞ ገና ጥቁር ስለሆነ የዓይኑ ምልክት በእርሷ ላይ አይሠራም። እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቼ በማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁትን ስም ሰርዤ አውቃለሁ። እንዲህ ሲያጋጥም ጥቂት ታግሶ መጠበቅ ይበጃል፤ ወላጅ ምግብ ይዛ ስትመጣ ጥያቄው ያን ጊዜ ይፈታል።

ወደ ቆላማውና ወደ ወይናደጋው ስትወርዱ የሚያጋጥማችሁ ጥቁሩ ዝንብ አዳኝ ነው፤ እርሱ የሚምታታው ከሌላ ቤተሰብ ከሆነው ድሮንጎ ጋር ነው። ድሮንጎ ላባው ያብረቀርቃል፣ ዓይኑ ቀይ፣ ጅራቱም ጫፉ ላይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው፤ ዝንብ አዳኙ ግን ደብዛዛ ጥቁር፣ ዓይኑ ጠቆር ያለ፣ የጅራቱም ጫፍ ያልተሰነጠቀ ነው። ላባ በሚለውጥበት ጊዜ የድሮንጎው ሹካ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በጅራቱ ብቻ አትፍረዱ፤ ዓይኑንም ተመልከቱ።